ጅብ የሆነ ሰው እንዴት ይጠየቃል?

የወንጀል ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት፣ ማለትም አንድ በደል ተፈጽሞ በዳዩን የማግኘት ፍለጋ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚነዳው ትረካ፣ ላዩን ሲያዩት የጊዜ ማሳለፊያ ይምሰል እንጂ ከሥሩ አንድ ከባድ እምነት ተሸክሟል፤ ይኸውም ክፉ ሥራ ሁሉ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም አስቦና ፈቅዶ የሠራ ሰው ነው የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት ባይኖር መርማሪው የሚፈልገው፣ አንባቢውም እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም ነበር። ሁለት ነገሮች ወደ ታሪኩ ሲገቡ ግን ይህ መሠረት ይናጋል፤ አንደኛው አደንዛዥ ዕፅ፣ ሁለተኛው ሰውና አውሬ የተቀላቀሉበት አፈ ታሪክ ነው። ዕፁ የሰውን ፈቃድ ከውስጥ ይሰርቃል፤ አፈ ታሪኩ ደግሞ በደሉን ሰው ላልሆነ ወይም ሰውነቱን ለጊዜው ለተወ ፍጥረት ያሸክማል። ሁለቱ በአንድ ትረካ ሲገናኙ «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ «ያደረገው ሰው በዚያች ሰዓት ራሱ ነበርን?» ወደሚል ይለወጣል፤ በዚህም ጊዜ ጉዳዩ ከፖሊስ ጣቢያ ወጥቶ ወደ ነፍስ አባት ደጅ ይሄዳል።

የዓለም ሥነ ጽሑፍ ይህን ችግር ገና ከጅምሩ አውቆታል። የዚህ ድርሰት ዓይነት አባት ተብሎ የሚጠራው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው የሩ ሞርግ ጎዳና ግድያዎች ታሪክ ውስጥ ገዳዩ በመጨረሻ ኦራንጉታን የተባለ ትልቅ የዛፍ ዝንጀሮ ሆኖ ይገኛል፤ በዚያችው ቅጽበትም ሞቱ እንዳለ ይቀራል፣ ወንጀሉ ግን ይጠፋል፣ እንስሳ አይከሰስምና። ብሪታንያዊው አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1902 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው የባስከርቪል ውሻ ታሪክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አንድን ቤተሰብ ለትውልዶች ያሳድዳል የተባለው የሲኦል ውሻ በፎስፈረስ የተቀባ ተራ ውሻ ሆኖ ይገኝና ከአፈ ታሪኩ ጀርባ ርስት የፈለገ ሰው ይወጣል። በመጀመሪያው ታሪክ አውሬው ወንጀሉን ይሽራል፤ በሁለተኛው አውሬው የወንጀለኛው መሣሪያ ነው። በጎጃም ደጋ የሚነገረው የጅብ አፈ ታሪክ ግን ከሁለቱ በአንዱም አይገባም፤ በዚያ አውሬው ራሱ ሰው ነው፣ ሰውዬውም አውሬ የሆነው በሥራው ሳይሆን በትውልዱ ነው ይባላልና።

ለዚህ አፈ ታሪክ ምድር ደብረ ወርቅን እንውሰድ፤ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ የምትታወቀውም በጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ገዳም፣ ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊ ሣላት ተብላ በምትከበረው የእመቤታችን ሥዕልና በቅኔ ትምህርቷ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተዘዋውረው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚል ርእስ ያለው ልብ ወለድ ማሳተማቸው ሲታሰብ፣ የበደልና የፍርድ ጥያቄ ለዚህ አገር ድርሰት ባዕድ አለመሆኑን መገመት አያዳግትም። ሆኖም በዚህ ምድር የጅብ አፈ ታሪክና የዕፅ ንግድ በአንድነት የተጠላለፉበት ልብ ወለድ ቢጻፍ ደራሲው ከማንም የማይበደረው ጥሬ ሀብት እዚያው በእጁ አለ፤ ችግሩም፣ እንደሚታየው፣ ያው ሀብት ነው።

የዚህ የጅብ አፈ ታሪክ ባለቤት ቡዳ ነው፤ ቡዳ ማለት በአገሩ እምነት በዓይኑ ሰውን «በልቶ» የሚያሳምምና የሚገድል፣ ሌሊት ወደ ጅብነት ተለውጦ የሚዞር ሰው ነው። እምነቱ በተለይ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸማኔውን፣ በአጠቃላይ ባለ እጅ የሚባለውን ወገን ይከተላል፤ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው በቀን ይፈልገዋል፣ በሌሊት ይፈራዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው፣ ጓደኛው ዊልያም ኮፊን አጋጠመኝ ያለውን ነገር አስፍሯል፤ ቡዳ ነው የሚባል አገልጋይ ለሌሊቱ ፈቃድ ጠይቆ እንደወጣ ሌሎቹ አሽከሮች «ያውና ጅብ ሆነ» ብለው ወደ ሜዳው ይጠቁማሉ፣ ጌታውም ዞር ሲል ሰውዬው የለም፣ በሜዳው ላይ ግን አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል፤ በማግሥቱም አገልጋዩ ተመልሶ ሲመጣ የተባለውን አላስተባበለም። በዚሁ ዘመን ጆሮው ላይ ጉትቻ የተንጠለጠለበት ጅብ ተገደለ የሚል ወሬ ተደጋግሞ ይጻፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1853 የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው ማንስፊልድ ፓርኪንስም ስለ ቡዳ ብዙ ገጽ ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኮፊን የሰውን ወደ ጅብነት መለወጥ አላየም፤ ያየው የሰውን አለመኖርና የጅብን መኖር ነው። በሕግ ቋንቋ ይህ የአካባቢ ማስረጃ ይባላል፣ ማለትም ድርጊቱን በቀጥታ የማያሳይ ነገር ግን ከዙሪያው ሁኔታ ተነሥቶ ወደ መደምደሚያ የሚያደርስ ማስረጃ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ብርታት ደግሞ ሌላ ማብራሪያ እንዳይኖር ማድረጉ ላይ ነው። አሽከሮቹ «ያውና» ባይሉ ኮፊን ጅቡን ከአገልጋዩ ጋር ባላገናኘውም ነበር። ጉትቻውም ቢሆን ሰው ለማሳመን ሲል የጅብ ግልገል ይዞ ጆሮውን ሊበሳ እንደሚችል አይታሰብም፤ ወይም ይታሰብና ይተዋል፣ ምክንያቱም መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተሰጥቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ተራ የመንደር ወሬ ብቻ እንዳልነበረ፣ መንግሥትን ያሳሰበ የኑሮ ጉዳት እንደነበረ ያመለክታል።

ጅቡ ራሱ ስለዚህ ሁሉ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ግን ለአፈ ታሪክ የተመቸ ፍጥረት መሆኑ አይካድም። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ»፣ ስለ እንስሳት ጠባይ እየተረከ መንፈሳዊ ትርጓሜ የሚሰጠው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ጅብ አንድ ጊዜ ወንድ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ወደ አገር ገብቷል፤ አርስጣጣሊስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ይህ ሐሰት መሆኑን አስረድቶ ነበር። የዛሬው የእንስሳት ጥናት ስሕተቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል፤ የዥንጉርጉር ጅብ እንስት የውጭ ብልት ከተባዕቱ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፣ መንጋውንም የምትመራው እንስቷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት ደግሞ የጅብን ኩስ መርምሮ በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ክርስቲያኑ ሥጋ ሲተው የዕርድ ትርፍራፊ ይጠፋልና ጅቡ ወደ ከብቱ ይዞራል። ጅብ ከሰው ጋር ይህን ያህል ተሳስሮ የሚኖር ከሆነ፣ በሰው ሐሳብ ውስጥም የቅርብ ጎረቤት ሆኖ መግባቱ አያስገርምም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ላይ የሚለው ከመንደሩ እምነት ጋር አይገጥምም። ፍጥረትን ከሕልውናው መለወጥ የፈጣሪ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ሰይጣን ማሳሳት እንጂ መፍጠር አይችልም። የምዕራቡ አባት አውግስጢኖስ ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው መጽሐፉ ወደ አውሬነት ተለወጡ ስለሚባሉ ሰዎች ሲመረምር፣ አጋንንት የሰውን አካል በእውነት እንደማይለውጡ፣ ነገር ግን በሕልም መሰል ምትሐት እንደሚያስቱ ያስረዳል። በትንቢተ ዳንኤል ናቡከደነፆር እንደ በሬ ሣር ይበላል፣ ይሁንና በዚያ ታሪክ አውሬነቱ የኃጢአቱ ምክንያት ሳይሆን ቅጣቱ ነው፤ ትዕቢቱን የሠራው ገና ሰው ሳለ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 25 በሚታሰበው በቅዱስ መርቆሬዎስ ገድል የሚገኙት ገጸ ከልባት፣ ማለትም ፊታቸው እንደ ውሻ የሆነው ሰው በላዎች፣ አያቱን በልተው አባቱን ሊበሉ ሲሉ በመልአክ ይከለከሉና ይለወጣሉ፣ በኋላም ከቅዱሱ ጋር ያገለግላሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ የአውሬ መልክ ያለው ፍጥረት እንኳ ለምሕረት የተጠራ ነው፣ በአውሬነትም ተወልዶ የተፈረደበት ሰው የለም። የቡዳ እምነት ይህን መሠረት ነው የሚያፈርሰው፤ በደሉን ከፈቃድ ነጥቆ ለደም ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ እምነቱን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል መልስ ነው፣ ቀላልነቱም ያጠራጥራል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው የመንዝ ጥናቱ የመዘገበው አንድ ትረካ አለ፤ ቡዳው የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር አውጥቶ ሕይወት ይሰጠውና ለሰባት ዓመት በባርነት ያሠራዋል ይላል። ቶም ቦይልስተን ደግሞ በጣና ዳር በምትገኘው ዘጌ የኦርቶዶክስ ማኅበረሰብ ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የቡዳን ፍርሃት ከምግብ፣ ከገበያና ካለፈው የባርነት ታሪክ ጋር አያይዞ ይመለከተዋል። በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ ቡዳው የሚያስፈራው በጥርሱ አይደለም፤ ሰውን ፈቃዱን ወስዶ፣ አፉን ዘግቶ፣ ለራሱ ጥቅም የሚያሠራው በመሆኑ ነው። ይህ ደግሞ የዕፅ ነጋዴ ሥራ ቁልጭ ያለ መግለጫ ነው። ሱሰኛው ይበላል እንጂ አይጠግብም፣ ይሠራል እንጂ አያተርፍም፣ ቤተሰቡ በሕይወት ሳለ ያለቅስለታል። አፈ ታሪኩ እንግዲህ አንድ እውነት ያውቃል፣ የሳተው አድራሻውን ነው፤ ሌላውን ሰው ዘርፎ የሚበለጽገውን ለማግኘት የተነሣ ጣት በመንደሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ድኻውንና መሬት የሌለውን ቀጥቃጭ ይጠቁማል።

ስለ ዕፁም ቢሆን ተመሳሳይ የአድራሻ ስሕተት አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ዙሪያ አብሾ ስለሚባለው መድኃኒት የሚነገረው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት ቅጸላ ሲያጠና ቀን ቅኔ ሲቆጥር የሚውል ተማሪ አእምሮው እንዲከፈት፣ የሰማው እንዳይጠፋው አብሾ ጠጣ ይባላል፤ የጠጣው ሰው ግን ከዚያ በኋላ ጠላም አረቄም ሊቀምስ አይገባውም፣ ከቀመሰ ይነሣበታልና። ለዓመታት የተማረ ሊቅ በአንድ ድግስ ላይ ቢሳደብ ወይም ዱላ ቢያነሣ ጎረቤቱ «አብሾው ነው እንጂ እሱስ ደግ ሰው ነበር» ይላል። ይቅርታው ከልብ የመነጨ ቢሆንም የሚያስከትለው ግን ቀላል አይደለም፤ ዕውቀቱ የመድኃኒቱ፣ ቁጣውም የመድኃኒቱ ከሆነ ለሰውዬው የሚቀርለት ነገር ምንድን ነው? ማታ ማታ በጨለማ ያደረገው ልፋት፣ በረኃብ ያሳለፈው ክረምት ከታሪኩ ይሰረዛል።

የአብሾ ነገር በወሬ የሚታወቅ ነው፤ በደጋው አጥር ሥር የሚበቅለው፣ ነጭ መለከት መሰል አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር የተባለው ተክል ምን እንደሚያደርግ ግን ሳይንስ በግልጽ ያውቃል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል፤ የዓይንን ብሌን ያሰፋል፣ አፍን ያደርቃል፣ የሌለውን ያሳያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውዬው ያደረገውን እንዳያስታውስ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ለንስሐ ትምህርት ፈተና ነው። ንስሐ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ኃጢአትን አስታውሶ፣ ተጸጽቶ፣ ለካህን መናዘዝና የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም ነው፤ የማያስታውስ ሰው ምኑን ይናዘዛል?

በዚህ አገር ዕፅና ወንጀል የተገናኙበት እውነተኛ ተቋምም ነበር፤ ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ባለሙያው ይጠራል፣ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያመጣና መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ጭስም ያስስበዋል። ልጁ ራሱን እየሳተ ይንገዳገዳል፣ በአራት እግሩ እየዳኸ፣ እያሽተተ፣ እየጮኸ ይነሣል፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዘው ሰው ከኋላው ይከተላል፣ መንደሩም ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ ይጠብቃል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ሰው ወደ አውሬነት ተለወጠ የሚባልበት አፈ ታሪክ እዚህ ላይ በገሃድ፣ በፀሐይ፣ በመንግሥት ፈቃድ ተፈጽሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁ ምንም አያውቅም፤ የተከሰሰውም ምንም ማለት አይችልም። ጥያቄው ሁሉ ገመዱ ላይ ነው፤ ልጁ ሰውዬውን ይጎትተዋል ወይስ ሰውዬው ልጁን ይመራዋል? የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች ይህን ሥርዓት በመገረም ጽፈውታል፤ አብዛኞቹ ዓይናቸውን የጣሉት ግን በልጁ ላይ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ገመዱን የያዘውን እጅ ይመለከት ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁሉ መድኃኒቱን ያልጠጣ፣ አእምሮው ያልተናወጠ፣ የሚሆነውን እያወቀ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው።

ቡዳ የበላው ታማሚ ላይ የሚደረገው ምርመራም ከዚህ አይርቅም። ታማሚው በጭስ ይታጠናል፣ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፤ የቆሙት «ማን ነህ? የት በላኸው?» ይላሉ፣ እሱም በሌላ ሰው ድምፅ «እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፣ የተጠራውም ሰው መጥቶ እንትፍ እንዲልበት ይለመናል ወይም ይገደዳል። የመርማሪው፣ የሌባ ሻዩና የጭሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሁሉም የሌላ ሰው ስም ይፈልጋሉ። ነፍስ አባት ግን ከንስሐ ልጁ የሚፈልገው የሌላውን ስም አይደለም፤ እንዲያውም ተናዛዡ ባልንጀራውን መክሰስ ሲጀምር «የራስህን ተናገር» ተብሎ ይመለሳል፣ የሰማውንም ካህኑ ከልቡ አያወጣም። በዚህ ምክንያት ነፍስ አባት ለወንጀል ልብ ወለድ የማይመች ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሁሉን ያውቃል፣ ምንም አይናገርም።

ሕግ በመርማሪውና በነፍስ አባቱ መካከል ቆሟል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በፈቃድ የተፈጸመን ግድያ ካለ ፈቃድ ከተፈጸመው ይለያል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ የተካው የወንጀል ሕግም በዚሁ መሠረት ይሄዳሉ፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ አንቀጽ 48 በሕመም ወይም በአእምሮ መቃወስ ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 50 ግን ወንጀል ለመፈጸም ብሎ በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን አስቶ የሠራ ሰው በዚህ መከላከያ እንዳይጠቀም ይከለክላል፣ ወደዚያ ሁኔታ በጥፋቱ የገባውንም በቸልተኝነት ያስጠይቃል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ከጥፋቱ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ጽዋው ወደ አፍ ከመጠጋቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ይመረምራል፤ ያኔ ሰውዬው ገና ሰው ነበር። አንቀጽ 525 ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። ተክሉ ራሱ በደል እንደሌለበት ለማየት ጫትን ማሰብ ይበቃል፤ በኢትዮጵያ ገበሬው አደባባይ የሚሸጠው ያው ቅጠል በብሪታንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው።

አውሮፓም በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1589 በጀርመን ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ሰይጣን በሰጠኝ ቀበቶ ተኩላ እየሆንሁ ገደልሁ ብሎ ከተናዘዘ በኋላ በአሠቃቂ ሁኔታ ተገደለ፤ ኑዛዜው የተገኘው የሥቃይ መሣሪያ ፊቱ ቀርቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ደግሞ የቦርዶ ፍርድ ቤት፣ ቅባትና የተኩላ ቆዳ ተሰጥቶኝ ተኩላ እሆናለሁ ያለውን ዣን ግረኒየ የተባለ ወጣት አእምሮው የደከመ ነው ብሎ ከሞት አድኖ በገዳም እንዲቀመጥ ፈረደ። በአሥራ አራት ዓመት ልዩነት ውስጥ ያው ኑዛዜ አንዱን ወደ መንኰራኩር፣ ሌላውን ወደ ገዳም ወሰደው። ቅባቱን ሰጠኝ ያለው «የጫካው ጌታ» ግን፣ ሰይጣን ይሁን ሰው፣ በሁለተኛው ፍርድ ቤትም ቀርቦ አልተጠየቀም።

ይህ ሁሉ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተደጋግሞ ወደሚሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ያደርሳል። በትውፊቱ መሠረት በላዔ ሰብእ ሲጀመር አውሬ አልነበረም፤ እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ፣ ባለጸጋ ሰው ነበር። ሰይጣን በቅድስት ሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ ወደ ቤቱ መጣና ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው፤ አረደ፣ ቅመስ ተባለና ቀመሰ። ከዚያች ጉርሻ በኋላ ጠባዩ ተለወጠ፣ አእምሮው ጠፋ፣ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ቁስለኛ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብም በሚዛኑ ላይ ያች ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ አመዘነች። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን ስለ ምሕረት ብዛት ይናገርበታል፣ ልክ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ በፍርዱ ፊት «ተታልዬ ቀመስሁ፣ ከዚያ በኋላ እኔ አልነበርሁም» የሚል መከላከያ አልቀረበም፣ ቢቀርብ ሊያሳምን ይችል ነበር። ያዳነው የተሰረቀው ፈቃዱ ሳይሆን የቀረው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ እጁን ወደ ውኃው ቅል የሰደደበት አንድ ፈቃድ። ስለዚህ ትውፊቱ ሱሰኛውንም ሆነ ጅብ የተባለውን ሰው «እሱ አይደለም» ብሎ አያሰናብተውም፣ «እሱ ነው» ብሎም አያጠፋውም፤ ጥቂት የሆነችውን የራሱን ድርሻ ለይቶ በእሷ ይመዝነዋል።

ነገር ግን ታሪኩ አንድ ሰው ሳይጠየቅ እንዲያልፍ ያደርጋል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያቀረበው እንግዳ፣ ከበላዔ ሰብእ ቤት ከወጣ በኋላ ወደ ትረካው አይመለስም፤ የመንፈስ ጠላት ነውና ፍርዱ በሌላ ቦታ የታወቀ ነው ማለት ይቻላል። የወንጀል ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ መብት የለውም። በሥጋ የሚኖረው እንግዳ፣ የመጀመሪያውን ዕፅ በነጻ የሚያቀምሰው፣ ገመዱን የሚይዘው፣ ራሱ የማይጠጣው ሰው ስም፣ ደረሰኝና የባንክ ሒሳብ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቀማ ሰው ንስሐ የሚገባው የቀማውን መልሶ ነው፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል መግባቱ ለዚህ ይጠቀሳል። ገንዘቡን መመለስ ይቻል ይሆናል፤ የሰባት ዓመት ዕድሜና የተቃወሰ አእምሮ በምን ሒሳብ እንደሚመለስ ግን ቀኖና የሚሰጠው ካህንም፣ ቅጣት የሚወስነው ዳኛም በእጁ የተዘጋጀ ልክ የለውም። በደብረ ወርቅ ምድር የሚጻፍ የዕፅና የጅብ ልብ ወለድ ቀጥቃጩን በመጀመሪያው ምዕራፍ ነጻ አውጥቶ ይህን እንግዳ እስከ መጨረሻው ቢከተል፣ መርማሪው ከያዘው በኋላ ያለው ክፍል ከመያዙ በፊት ካለው ይልቅ ረጅም ሊሆን ይችላል።